ተነግሮት የነበረ ባለቤት፦ የሳን ፍራንሲስኮው የውሾች ጉዳይ

አርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አሥር ሰዓት ገደማ። ዳያን ዊፕል የተባለች የ33 ዓመት ሴት አስቤዛዋን ይዛ ወደ ቤቷ እየገባች ነው። ቦታው ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፓሲፊክ ሃይትስ የሚባለው ውድ ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ። ቀኑ ጃንዋሪ 26፣ 2001። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዊፕል በሴንት ሜሪስ ኮሌጅ የሴቶች ላክሮስ አሰልጣኝ ነበረች። ላክሮስ ማለት ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየተቀባበሉ የሚጫወቱት፣ ሩጫና ግፊያ የበዛበት ስፖርት ነው። ደካማ ሰው አልነበረችም ማለቴ ነው።

እዚያው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤት የውሻ ጩኸት ሰማች። አብሮት የሴት ድምፅ አለ፤ «እርዱኝ!» እያለ ይጣራል። በበሯ ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ አንዲት ሴት ደፏ ላይ በግንባሯ ተደፍታለች። ውሻ የሚመስል ነገር ላይዋ ላይ ሰፍሯል። ጎረቤቲቱ ፖሊስ ጋ ደወለች። ፖሊስና የአምቡላንስ ሠራተኞች ሲደርሱ ዊፕል ልብሷ ተቦጫጭቆ፣ ደም በደም ሆና አገኟት። ሆስፒታል ብትወሰድም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር 77 የተለያዩ ጉዳቶች ተቆጠሩ። ከራስ ቅሏና ከውስጥ እግሯ በቀር የተረፈ ቦታ አልነበረም።

ውሾቹ ሁለት ናቸው። ወንዱ ቤይን፣ ሴቷ ሄራ ይባላሉ። ዝርያቸው ፕሬሳ ካናሪዮ ነው፤ ከስፔን የካናሪ ደሴቶች የመጣ፣ ከብትና ንብረት እንዲጠብቅ የተራባ ግዙፍ ውሻ። እያንዳንዳቸው ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። የሚኖሩት ከዊፕል ጋር በአንድ ኮሪደር ላይ፣ ባልና ሚስት ጠበቆች ቤት ውስጥ ነበር። ሚስትየዋ ማርጆሪ ኖለር፣ ባልየው ሮበርት ኖኤል።

ይህን ጉዳይ የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ያነቡታል። የሚያነቡት በአሟሟቷ ዘግናኝነት አይደለም፤ ውሻ ሰው የገደለበት አጋጣሚ ሌላም አለ። የሚያነቡት አንድ ጥያቄ ስላለው ነው፦ ውሻህ ሰው ሲገድል አንተ መቼ ነው ነፍሰ ገዳይ የምትባለው? እኔ እንደሚገባኝ መልሱ ያለው በዚያ አርብ ከሰዓት ውስጥ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ወራት ውስጥ ነው።

የውሾቹ ታሪክ የሚጀምረው እስር ቤት ነው። ፔሊካን ቤይ በሚባለው የካሊፎርኒያ ጥብቅ እስር ቤት ያሉ ሁለት እስረኞች በ1998 አካባቢ ፕሬሳ ካናሪዮ እያራቡ መሸጥ አማራቸው። እነሱ ታስረው ውሻ ማርባት አይችሉምና ውጭ ያሉ ሰዎችን ያዙ። ውሾቹ ከከተማ ራቅ ባለ እርሻ ላይ አንዲት ሴት ዘንድ ተቀመጡ። እዚያ ሄራ አጥር ጥሳ ወጣች፣ የሴትየዋን በግ ገደለች፣ የልጇን ድመትም ገደለች። ሴትየዋ ውሾቹን ራቅ አድርጋ በሰንሰለት አሰረቻቸው። መጨረሻ ላይ ውሾቹን አሳልፋ ሰጠች።

ኖለርና ኖኤል እስረኞቹን ያወቋቸው በጥብቅና ሥራቸው ነው። ነገሩ ግን ከሥራ ግንኙነት አልፎ ሄደ። ከሁለቱ አንዱን እስረኛ፣ ያውም ትልቅ ሰውዬ፣ በማደጎ ልጅነት እስከ መቀበል ደረሱ። የማደጎው ወረቀት ያለቀው ዊፕል በሞተች በቀናት ውስጥ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። ውሾቹ እነማን እጅ እንደገቡ ለማሳየት ነው። ባልና ሚስቱ ስለ ትልቅ ውሻ አያያዝ የሚያውቁት ነገር እምብዛም ነው፤ ስለ ውሾቹ «ጀግንነት» ግን ከእስረኞቹ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፋሉ።

አሁን ማስጠንቀቂያዎቹን እንቁጠር። የእርሻዋ ባለቤት ውሾቹን ስታስረክብ ስለ በጎቹ ነግራቸዋለች፤ ሄራ በጥይት መገደል የሚገባት ውሻ ናት እስከማለት ደርሳለች። ይሄ አንድ።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በማርች 2000 አንድ የእንስሳት ሐኪም ውሾቹን ሊከትብ ሄደ። ሥራውን ጨርሶ ክፍያውን ተቀብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ለኖለር ደብዳቤ ጻፈ። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ሙያዬን በደልኩ ማለት ነው የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። ውሾቹ ግዙፍ ናቸው፣ ምንም ዓይነት ሥልጠናም ሥርዓትም አልተማሩም፣ መርፌ መውጋት ይቅርና መጠጋትም ፈተና ነበር አለ። የትኛውም ቤት ቢገቡ አደጋ ናቸው አለ። በቅርቡ ትልልቅ ውሾች አንድ ልጅ ላይ ያደረሱትን ጠቀሰላት፤ ልጁ ክንዱን አጥቷል፣ ፊቱም ተበላሽቷል። ስለ ተዋጊ ውሻ የሚወራው ተረት ለጆሮ ቢጥምም ከዛሬ ኑሮ ጋር አይሄድም ብሎም ጨመረ። ኖለር ስለ መረጃው አመሰገነችው። ለደንበኛዬ አስተላልፋለሁ አለች።

ከዚያ ሄራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው አፓርታማ ገባች። በሴፕቴምበር ደግሞ ቤይን መጣ።

ቀጥሎ ያለውን ፍርድ ቤት ከምስክሮች አንደበት ነው የሰማው። ሁለቱ ውሾች ከቁጥጥር የወጡበት ወይም ሰውና ሌላ ውሻ ያስፈራሩበት ወደ ሠላሳ የሚጠጋ አጋጣሚ ተቆጠረ። ሠላሳ! በወራት ውስጥ። አንድ ፖስተኛ ሁለቱም ገመድ ሳይኖራቸው እያጉረመረሙ ሲመጡበት የደብዳቤ ጋሪውን እንደ ጋሻ መሃል አስገብቶ ነው ያመለጠው። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት ላይ ከውሾቹ አንዱ አጉረምርሞ ዘሎባታል። ሰዎች ሊፍቱ ሲከፈት ወደ ኋላ ማለት ለመዱ። አንዲት በሥራዋ ውሻ የምታንሸራሽር ሴት ቤይን የአፍ ማሰሪያ እንዲደረግለት ለኖኤል ነገረችው። የተመለሰላት ስድብ ነው። አንድ የውሻ አሠልጣኝም ይሄ ውሻ ሥልጠና ያስፈልገዋል ብሎ መከረው። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከሁሉ የሚገርመው የኖኤል የራሱ ጣት ነው። ቤይን ከሌላ ውሻ ጋር ሲጣላ ኖኤል ሊገላግል ገባ፤ የገዛ ውሻው ጣቱን ሊቆርጠው ምንም አልቀረውም። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ እጁ ውስጥ የብረት ችንካር ገብቶ ለሳምንታት ቆየ። እንግዲህ የቤይን ጥርስ ምን ማድረግ እንደሚችል ከዚያ ቤት ሰው የበለጠ ማን ያውቃል? አንድ አዋቂ ወንድ ሊገላግል ገብቶ፣ ውሻውም ጌታውን እያወቀ የሆነ ነገር ነው ይሄ።

በዲሴምበር 2000 መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ራሷ ዊፕል በሕንፃው መግቢያ ላይ እጇን ተነከሰች። ሰዓቷ ነው ጥርሱን የመከተላት። ውሻህን ተቆጣጠር አለችው ኖኤልን። ከዚያ ወዲያ ውሾቹን መሸሽ ጀመረች። አብራት የምትኖረው የሕይወት አጋሯ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ ይህን ተናግራለች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነውና። ውሻው የሌላ ሰው ነው፤ መንገዱን የሚቀይረው ግን ተነካሹ ነው። ሊፍት የሚጠብቀው፣ መውጫ ሰዓቱን የሚያስተካክለው፣ ኮሪደሩን አጮልቆ አይቶ የሚወጣው እሱ ነው። ለጎረቤት ሰላም ተብሎ ነገሩ አይከሰስም፣ አይመዘገብም። ባለቤቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይኖራል።

ጃንዋሪ 11፣ 2001 ኖኤል ለእስረኛው ደብዳቤ ጻፈ። አንዲት አዲስ ጎረቤት ሊፍቱ ተከፍቶ ሁለቱን ውሾች ስታይ ልቧ ሊቆም ደርሶ እንደነበር እየቀለደ ይተርካል። ክብደቷ ከሄራ ያንሳል ብሎም ያሾፋል። ያቺ ጎረቤት ዊፕል እንደሆነች ነው የተወሰደው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሞተች።

በዚያ ቀን ኖኤል ከከተማ ውጭ ነበር። ኖለር እንደምትለው ቤይንን ጣሪያ ላይ ወስዳ እየተመለሰች ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቤይን ዊፕልን አየ፣ ኖለርን እየጎተተ ወደ እሷ ሄደ። የአፍ ማሰሪያ አላደረገም። ሄራም ከተከፈተው በር ወጣች። ኖለር ዊፕልን በገላዬ ሸፍኜ ለማዳን ታገልኩ ብላለች። ዐቃቤ ሕግ ግን ኖለር ላይ የታየው ጉዳት ቀላል መሆኑን፣ ለእርዳታም አለመደወሏን አነሳ። ዊፕል እዚያው ወድቃ እየታከመች ኖለር ስለ ሁኔታዋ አልጠየቀችም፤ የጣለችውን ቁልፍ ፖሊሶቹ እንዲፈልጉላት ነበር የጠየቀችው። ይህች ቁልፍ ክርክሩ ውስጥ ደጋግማ መጥታለች።

ከዚያ የባሰ መጣ። ባልና ሚስቱ ቴሌቪዥን ላይ ቀረቡ። ውሾቹ ችግር ኖሯቸው አያውቅም አሉ። ኖለር እንዲያውም ዊፕል ወደ ቤቷ ገብታ በሯን መዝጋት ትችል ነበር፣ እኔ ብሆን እዘጋ ነበር አለች። ጠበቃ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር በካሜራ ፊት መናገር ምን ይባላል? ንግግራቸው ኋላ ማስረጃ ሆኖ ተመዘገበባቸው።

የከተማው ሰው እጅግ ስለተቆጣ ችሎቱ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። ማርች 21፣ 2002 ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተመረጠው የፍርድ ቡድን፣ ፍርዱን ሰጠ። ሁለቱም በቸልተኝነት ሰው በመግደልና አደገኛ እንስሳ ይዞ ሞት በማድረስ ጥፋተኛ ተባሉ። ኖለር ግን በተጨማሪ በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተባለች። በካሊፎርኒያ በውሻ ሳቢያ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። እሷ ለምን ተለየች? በዚያ ቀን ገመዱ በእሷ እጅ ስለነበር ነው። ልትገታው የማትችለውን ውሻ አፉ ሳይታሰር ወደ ጋራ ኮሪደር ያወጣችው እሷ ናት።

ዳኛው ጄምስ ዋረን ግን በጁን ወር የግድያውን ፍርድ ሰረዙት። ባልና ሚስቱን ወደዷቸው ማለት አይደለም፤ ከተማው እጅግ የሚጠላቸው ሰዎች ናቸው ብለው ፊት ለፊት ነግረዋቸዋል። ነገር ግን ኖለር በዚያ ቀን ሰው ይሞታል ብላ በእርግጥ ታውቅ ነበር ለማለት አልችልም አሉ። ሁለቱም በቸልተኝነት መግደል አራት አራት ዓመት ተፈረደባቸው።

የሕጉ ክርክር እዚህ ላይ ይጣፍጣል። በካሊፎርኒያ ሕግ ግድያ ለመባል ሰውን ለመግደል ማቀድ የግድ አይደለም። ድርጊትህ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ እንደሚጥል እያወቅህ፣ ግድ ሳይሰጥህ ከገፋህበት ይበቃል። ታዲያ «ማወቅ» የቱ ድረስ ነው? ዳኛ ዋረን ሞት የመድረስ ዕድሉ በጣም ከፍተኛ መሆኑን ማወቅ አለባት አሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ተቃራኒውን ያዘ፤ ከባድ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል ማወቋ ይበቃል አለ። ሜይ 31፣ 2007 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለቱንም ስታችኋል አላቸው። በዳኛ ጆይስ ኬናርድ የተጻፈው ውሳኔ መለኪያውን መሃል ላይ አኖረው፦ የሌላ ሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር እያደረገች መሆኑን ማወቋ ነው የሚፈለገው፤ ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያም አያንስም። የአካል ጉዳት ብቻ መገመት አይበቃም። ሞት እንደማይቀር ማወቅም አያስፈልግም።

መዝገቡ ወደ ታች ተመለሰ። ዳኛ ሻርሎት ዉላርድ በኦገስት 2008 የግድያውን ፍርድ መልሰው አጸኑ፤ በሴፕቴምበር ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ፈረዱባት። ኖለር የመጀመሪያ ቅጣቷን ጨርሳ ከወጣች ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ተመልሳ ገባች።

አንባቢ ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጋር ሊያገናኘው ይችላል፣ እኔም አገናኝቼዋለሁ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ንጹሕ ነው ይላል። በሬው አስቀድሞ ተዋጊ ከሆነ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ባለቤቱም ይጠየቅበታል፤ ያውም በሞት። ካሊፎርኒያ ውስጥ አደገኛ እንስሳ ይዞ ሞት ማድረስን የሚመለከተው የወንጀል አንቀጽም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ የእንስሳውን ጠባይ እያወቀ በቂ ጥንቃቄ ሳያደርግ ይዞታል ወይ?

ካሣው ለብቻ ነው የሚታየው። በካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውሻህ ሰውን መንገድ ላይ፣ ወይም ሰውዬው በሕጋዊ መንገድ የገባበት ቦታ ላይ ከነከሰ ትከፍላለህ። ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም የሚለው መከላከያ አይሠራም። ወንጀሉ ግን ዕውቀትን ይጠይቃል። ስለዚህም ነው የሐኪሙ ደብዳቤ፣ የእርሻዋ ሴትዮ ማስጠንቀቂያና የኖኤል ጣት ከቁስሎቹ ባልተናነሰ የከበዱት።

ዝርያውን ነው እንጂ ባለቤቱን ምን አመጣው የሚል አይጠፋም። ብሪታንያ በ1991 ባወጣችው ሕግ የተወሰኑ ዝርያዎችን በስም ጠርታ ከልክላለች። ያው ሕግ ግን ዝርያው ምንም ይሁን ምን ከቁጥጥር የወጣ ውሻን ባለቤት ይቀጣል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በግል ቤት ግቢ ውስጥ ለደረሰ ጉዳትም ይሠራል፤ ሰው ከሞተ ቅጣቱ እስከ 14 ዓመት እስር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ውሾች ሰው የገደሉባቸውን 256 ጉዳዮች የመረመረ፣ በ2013 የታተመ ጥናትም አለ። ከነዚህ በ84.4 ከመቶው ውሻው አልተኮላሸም ነበር። በ76.2 ከመቶው ከሰው ጋር በቅጡ ተለማምዶ የሚኖር የቤት ውሻ አልነበረም፤ ታስሮ ወይም ተገልሎ የሚቀመጥ ነው። ዝርያው በአስተማማኝ ሁኔታ የታወቀው ግን ከአምስቱ አንዱን በማይሞላው ብቻ ነው። ፕሬሳ ካናሪዮ ለአፓርታማ የሚመረጥ ውሻ ነው አልልም፣ አይደለም። ቢሆንም ቤይንና ሄራ ከሰንሰለት ወጥተው፣ ሳይሠለጥኑ፣ ሁለት ሆነው፣ ሊይዛቸው የማይችል ሰው እጅ ላይ መግባታቸው የዝርያ ጉዳይ አይደለም።

ምን መደረግ ነበረበት? ብዙ አይደለም። ቅርጫት መሳይ የአፍ ማሰሪያ ውሻው እንዲያለከልክና ውሃ እንዲጠጣ ይፈቅድለታል፤ መንከስ ብቻ ነው የሚከለክለው። ሁለቱን አንድ ላይ አለማውጣት ይቻል ነበር። ገመዱን የሚይዘው ሰው ውሻውን ለመግታት ጉልበት ከሌለው እሱ አያወጣም። በር ተከፍቶ አይተውም። አሠልጣኝ ካልቻለም ውሻው ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ወይም በሐኪም እጅ ይሸኛል። ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ውሻ የሚወድ ሰው ያውቀዋል። የሆነው ሆኖ ቤይን አደጋው እንደደረሰ ወዲያው፣ ሄራ ደግሞ ከዓመት በኋላ እንዲሞቱ ተደርጓል። በዝምታውና በግዴለሽነቱ ውሾቹም አልተረፉም።

ኖኤል በ2018 ሞተ። ኖለር ለፌዴራል ፍርድ ቤት ያቀረበችው አቤቱታ በ2016 ውድቅ ተደረገ፤ በ2019 በአመክሮ ልፈታ ብላ ብትጠይቅም አልተፈቀደላትም። የዊፕል የሕይወት አጋር የፍትሐ ብሔር ክስ መሥርታ ነበር። በወቅቱ ሕጉ ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ እንደነሱ ላሉ ጥንዶች ይህን መብት በግልጽ አይሰጥም ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ፈቀደላት፣ ግዛቲቱም በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሻለች።

በ2013 በሎስ አንጀለስ አውራጃ አራት ውሾች በመንገድ ላይ የነበረችን ሴት ገደሉ። የባለቤቱ ጎረቤቶችና በአካባቢው ፈረስ የሚጋልቡ ሰዎች ውሾቹ ከዚያ በፊትም እንዳጠቋቸው መሰከሩ። በ2014 ባለቤቱ በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ እሱም ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።